ቦይለሩ እስኪበርድ

«እማ፣ አንቺ ብቻ ስታወሪ እግዚአብሔር መቼ ይናገር?»

ትንሿ ልጇ ጫማዋን እያሰረች ይህን ስትጠይቃት እናት ቦርሳዋን አቀበለቻት። «ቶሎ በይ፣ ይረፍድብሻል» ብላ አለፈችው።

ልጅቷ ያለ ነገር አልጠየቀችም። እናቷ ከአልጋ ስትወርድ የጀመረችውን ጸሎት ሻይ ስታፈላም፣ ፀጉር ስታበጥርም፣ አውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቃ ቆማም አታቋርጠውም። በምትሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ስለሚውል ጓደኞቿ «ሬዲዮ» ይሏታል። ሰሞኑን ሬዲዮዋ አንድ ወሬ ብቻ ነበራት። ትልቋን ልጇን ሩቅ ከተማ ያለ የነርሶች ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። «አንቺ ካልፈቀድሽ አልሄድም» ብላ ቁርጡን ነግራታለች፤ መልስ የምትጠብቀውም በዚያው ቀን ማታ ነበር። እናት እምቢ ብላ ልጇን ማስከፋት አልፈለገችም። ስለዚህ «ጌታዬ፣ አንተ አስቀርልኝ» እያለች ትወተውታለች።

ሥራዋ ለካውያዎቹ እንፋሎት የሚሰጠውን ቦይለር መጠበቅ ነው። ውሃው ከቦይለሩ ጎን ባለው የመስታወት ቧንቧ ዝቅ ብሎ ሲታይ መሙላት አለባት። ያን ቀን ዓይኗ መስታወቱ ላይ፣ ቀልቧ ልጇ ጋ ነበር። ብረቱ ሲንጣጣ ደንግጣ አየች፤ ውሃው አልቋል። እሳቱን አጠፋችና ቀዝቃዛ ውሃ ልትለቅበት ተንደረደረች።

«እጅሽን አንሺ» አላት ሽማግሌው የጥገና ሠራተኛ። «በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከለቀቅሽ ይሰነጠቃል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ምንም ነዋ። ቁጭ በይ፣ በራሱ ጊዜ ይብረድ። ሰው እንዳይነካው ብቻ ጠብቂ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?»

ልብስ የሚተኩሱት ሴቶች ካውያቸውን አስቀምጠው ወጡ። «ሬዲዮ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» አለች አንዷ በሩ ላይ። «እኔ እግዚአብሔርን ዕረፍት ስለምን፣ ለካ በአንቺ በኩል ነው የሚመጣው።»

ክፍሉ ጭር አለ። የአንሶላ ክምር ላይ ተቀመጠችና እንደ ልማዷ «ጌታዬ፣ አስቀርልኝ» ብላ ጀመረች። በማሽን ጩኸት መካከል ድምፅዋን ሰምታው አታውቅም። አሁን ስትሰማው የአለቃዋን መሰላት፤ ይህን አድርግ፣ ያን አታድርግ። አፍራ ፈገግ አለች። «እሺ፣ ዝም ልበል» አለች።

ዝምታው መጀመሪያ አልተመቻትም። ስትሸሸው የኖረችው ስጋት ሁሉ መጣ። ብትታመምብኝስ? ሰው ቢያታልላትስ? ብትረሳኝስ? እንደ ወትሮው በቃል ልታባርረው አልሞከረችም። መጣ፣ ቆየ፣ ሄደ። በመጨረሻ የቀረው ናፍቆት ብቻ ነበር፤ ልጇ ገና ሳትሄድ የጀመራት ናፍቆት። ከእግዚአብሔር ቃል አልሰማችም። ግን እዚያ አንሶላ ላይ ብቻዋን እንዳልተቀመጠች አወቀች፤ ልጇም በሄደችበት ብቻዋን እንደማትሆን። እንባዋ ወረደ፣ ትከሻዋም አብሮ ወረደ።

«አንተ ያዛት» አለች። የምትጨምረው አልነበራትም።

ሽማግሌው ተመልሶ እጁን ወደ ብረቱ አስጠጋ። «በርዷል፣ ሙዪው። አንቺ፣ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ዐርፌ ነው።»

ቤት ስትደርስ ትልቋ ልጇ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና የእናቷን ፊት አየች።

«ሂጂ ልጄ» አለች እናት።

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው። ደውይ ብቻ። እኔ ዝም ብዬ እሰማሻለሁ።»

«አንቺ? ዝም ልትይ?» አለች ትንሿ ከጓዳ። «ይሄንንማ ሳላይ አላምንም።»

ሦስቱም ሳቁ። እናት ያን ሌሊት ሳትነቃ አደረች።

በሳምንቱ ትልቋ በማለዳው አውቶቡስ ሄደች። እናትና ትንሿ ቀሩ።