መጋዘን የቀረው የዕድሜ ልብስ

«ልብሱስ? የት ነው ያለው?» አለች አክስት ሁዋ፣ ለሟች የሚቃጠለውን ወርቃማ ወረቀት በጣቶቿ እያጠፈች።

ቢ ሱዋን ቀና አለች። «የቱ ልብስ?»

«የቱ ልብስ ትላለች እንዴ! የእናትሽ የዕድሜ ልብስ ነዋ! ነገ ከሰዓት እኮ ሣጥን ውስጥ ልትገባ ነው። በዚያ አበባ አበባ ባለው ፒጃማ ልትሸኚያት ነው?»

ቢ ሱዋን እጅ ላይ ያለው ወረቀት ተጨማደደ። ልብሱ አክስቷ ዘንድ ያለ መስሏት ነበር። አክስቷ ደግሞ ቢ ሱዋን ቤት ያለ መስሏት ነበር። ሁለቱ እንዲህ ሲተማመኑ ሟቿ እናት ጌክ ኪም ከለቅሶው አዳራሽ መጋረጃ ጀርባ ፒጃማዋን እንደለበሰች ተኝታለች።

እኛ የማሌዥያዋ ፔናንግ ደሴት ቻይናውያን የሞት ልብስ ብለን አንጠራም፤ ማን ሟርት ይወዳል? የዕድሜ ልብስ ነው የምንለው። ያረጀ ሰው ገና በጤናው ሳለ ያዘጋጀዋል፤ ዕድሜ ይጨምራል ይባላል። ግን ለራሱ ቤት ብቻ ነው ደግ የሚሆነው። የሌላ ሰው ቤት ከገባ ለዚያ ቤት ሞት መጥራት ነው፤ ስለዚህ ማንም አያስገባውም። ጌክ ኪም የሷን በገዛ እጇ ነበር የሰፋችው። ዕድሜ ልኳን የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ሴት ይህን ለማን ትሰጣለች?

«እኔ ጋ የለም» አለች ቢ ሱዋን። «የድሮውን ቤት ስንለቅ እኔ ቤት ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ ነው። እሱን ደግሞ እኔ ነኝ የከፈትኩላት።»

አክስት ሁዋ ዙሪያዋን አየችና ድምጿን ቀነሰች። ማንም አልነበረም ማለት ይቻላል። ጥግ ላይ ሦስት የድሮ ጎረቤቶች ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ ካርታ ይጫወታሉ፤ ቀሪው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው።

«ጠይቃኝ ነበር» አለች። «‹ሁዋዬ፣ ቤት እስክናገኝ አንቺ ጋ ላኑረው› አለችኝ። እኔ ደግሞ እምቢ አልኳት። ምን ላድርግ? ምራቴ ያኔ እርጉዝ ነበረች!»

«ታዲያ የት ወሰደችው?»

«ጁሩ፣ ከድልድዩ ማዶ። ከዕቃችሁ ጋር፣ መጋዘን ውስጥ። ‹ሞቴን ተሸክሜ የልጄ ቤት አልገባም› ብላ በራሷ እጅ ጫነችው። ላንቺ እንዳልተነፍስ አስምላኛለች።»

እናትና ልጅ ለዓመታት የተከራዩትን ቤት ባለቤቱ ለሆቴል ፈልጎት ሲያስለቅቃቸው፣ ጌክ ኪም ወደ ልጇ ጠባብ ፎቅ ቤት ገባች፣ ዕቃው ወደ ዕቃ አመላላሹ ድርጅት መጋዘን ሄደ። ምድር ቤት ያለው፣ የስፌት መኪናው የሚገባበት ቤት እስኪገኝ ነበር። አልተገኘም። ጌክ ኪም መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከታች የሚያልፉትን መኪኖች ስታይ ትውላለች። አንዳንዴ «ዕቃችንን ሄደን ብንጠይቀው ምን አለበት?» ትላለች፣ ታሞ የተኛ ዘመድ ይመስል። «እሺ እማ፣ ዕረፍት ሳገኝ» ትላታለች ልጇ። ከዚያ ሁለቱም እራታቸውን ይበላሉ።

ወደ መጋዘኑ ስትደውል አንድ ድምፅ ዕቃ ለማየት አስቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግ ነገራት። ዕቃው የታሸገባቸው ትልልቅ የሳንቃ ሣጥኖች ተደራርበው ነው የሚቀመጡት፤ የእናንተ ከሥር ነው፤ ሳምንት ይምጡ አላት። ስልኩን ዘጋችና የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች።

«ማን አብሮሽ ይሂድ?» አለች አክስት ሁዋ። «እኔማ ዕጣኑ እንዳይጠፋ መጠበቅ አለብኝ።»

«ማንም» አለች ቢ ሱዋን። እውነቷን ነው፣ ማን አለ? ባል የላት፣ ወንድም የላት። ካርታ ተጫዋቾቹ ስትወጣ ዓይናቸውን አላነሱም፤ በወጋችን ከለቅሶ ቤት የሚወጣ ሰው ስለማይሸኝ በዚህ አይፈረድባቸውም። መኪናዋን እየነዳች ድልድዩን ብቻዋን ተሻገረች። እናቷ ከጎን ወንበር ላይ ሆና «ቀስ በይ» የምትልበት ኩርባ ላይ ስትደርስ ማንም ቀስ በይ አላላትም። ያኔ አለቀሰች።

የመጋዘኑ ቢሮ በር ላይ ቀይ የሠርግ ወረቀት ተለጥፏል። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ወይዘሮ ኡዊ የቢ ሱዋንን እጅጌ ስታይ ከወንበሯ ብድግ አለች። እጅጌው ላይ የሐዘንተኛ ምልክት የሆነች የጆንያ ቁራጭ በመርፌ ቁልፍ ተይዛለች።

«እዚያው! እዚያው ቁሚ!» አለች። «በለቅሶ ልብስሽ እዚህ አትግቢ! ልጄን ቅዳሜ ልድር ነው፣ ወይኔ ጉዴ!»

ቢ ሱዋን ከደጃፉ ወደ ኋላ አለች። «ይቅርታ አክስቴ፣ አላወቅኩም። አንድ ነገር ብቻ ከዕቃችን ላውጣ፣ ወዲያው እሄዳለሁ።»

«ያቺን ነገር ከእጅጌሽ ንቀይና ግቢ።»

«አልነቅልም» አለች ቢ ሱዋን። «የእናቴ ናት። ትናንት ነው የተሰካችልኝ።»

ወይዘሮ ኡዊ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች። «እንግዲያው ከሠርጉ በኋላ ነይ። አልጨከንኩም፣ ልጅ ያላት እናት ይገባታል።»

«የመቀበሪያ ልብሷ ነው እዚህ ያለው፣ አክስቴ። ነገ ሣጥን ልትገባ ነው። ከሠርጉ በኋላ ምን ያደርግላታል?»

ከውጭ ሣጥን የሚያነሳው የፎርክሊፍት ድምፅ ይሰማል። ወይዘሮ ኡዊ መዝገቧን ወደ ራሷ ሳበች። «ማን ናት እናትሽ?» አለች በመጨረሻ። «ዕቃው በማን ስም ነው?»

«ጌክ ኪም። ከጆርጅታውን።»

የሴትዮዋ ፊት ሲለወጥ ከደጅ ሳይቀር ይታይ ነበር።

«ዩኒፎርም ሰፊዋ? አጭሯ? እኚያ ኬክ ይዘውልን የሚመጡት?»

«ምን ኬክ?»

«አረንጓዴውን ነዋ፣ የኮኮናቱን! ሞቱ? እኚያ ሴትዮ ሞቱ?» ወይዘሮ ኡዊ ተቀመጠች። «ዝናቡ ባቆመ ቁጥር ይመጣሉ እኮ። በመርከብ፣ ከዚያ ደግሞ በአውቶቡስ። ሠራተኛችን ሰልቫም ሣጥናቸውን በፎርክሊፍት ያወርድላቸዋል፤ ‹ያለ ቀጠሮ አይቻልም› ብንላቸው ማን ይሰማናል? ልብስ ላናፍስ ነው የመጣሁት፣ ሻጋታ እንዳይበላው ይላሉ። ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ከዚያ ያቺ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁት ይውላሉ።»

ቢ ሱዋን ወደ ወንበሯ አየች። ሥራ ውላ ስትመለስ እናቷ አንዳንድ ቀን ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ ታገኛታለች። የት ነበርሽ ስትላት ቤተ መቅደስ ነበርኩ ትላታለች። ቤተ መቅደስ ሳይሆን እዚህ፣ በኮንቴይነርና በናፍጣ ሽታ መሃል፣ ብቻዋን።

ወይዘሮ ኡዊ ድንገት አፏን በእጇ ያዘች። «አንቺ… ያ ልብስ… ሐር የሆነው፣ ሰማያዊው… እሱ ነው እንዴ?»

«እሱ ይሆናል።»

«ኧረ ጉድ! እኔ ደግሞ በእጄ ዳስሼዋለሁ! ‹እንዴት ያምራል፣ ለልጄ ሠርግ ለኔም እንዲህ ያለ ይስፉልኝ› ብያቸዋለሁ እኮ!»

«ምን አለችሽ?»

«‹ላንቺ ገና ነው› አሉኝ። ሳቅ እያሉ! እኔ ደግሞ ወረፋ ያለባቸው መስሎኝ ‹ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ› አልኳቸው!»

ቢ ሱዋን ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቋ አላልቅ ብሎ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባት፣ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ወይዘሮ ኡዊም እያለቀሰች ነበር፤ ግን ሠርግ ሠርግ ነውና ከጠረጴዛዋ ጀርባ አልወጣችም።

«ሰልቫም!» ብላ በመስኮት ጮኸች። «የእትዬን ሣጥን አውርድ! ወደ ውጭ፣ ግቢው ላይ አድርገው! አንቺ ከዚያ በኩል ዙሪ፣ በኔ በር እንዳታልፊ። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ በስተግራ፣ ከስፌት መኪናው ሥር!»

ሰልቫም የሌሎች ሰዎችን ቤት አንድ በአንድ አንስቶ የነሱን አወጣ። አስፋልቱ መሃል አስቀመጠውና የሳንቃውን በር ፈትቶ ወደ ጥላው ሄደ። ቢ ሱዋን ብቻዋን ቀረች።

ቤታቸው ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ከሣጥኑ የወጣው ሽታ የዚያ ቤት ሽታ ነው፣ የስፌት መኪና ዘይትና የብል መከላከያው የካምፎር። የሚበሉበት ጠረጴዛ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቆሟል። ሁለቱ ወንበሮቻቸው አንዱ ባንዱ ላይ ተገልብጠዋል። ቢ ሱዋን ልጅ ሳለች ጠረጴዛው ሥር ተጋድማ የመኪናውን ፔዳል ድምፅ እየሰማች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር፤ እናቷም ጨርቅ ስትቆርጥ ቁራጩን ወደ ታች ትጥልላታለች። እናቷ ሌላ ልጅ አልነበራትም። አባቷ መርከበኛ ነበር፣ ከመርከቡ አልተመለሰም፤ ጌክ ኪም ስለሱ ክፉ ተናግራ አታውቅም፣ ደግም ተናግራ አታውቅም። አክስት ሁዋ «አንድ ወንድ ልጅ ቢኖርሽ እኮ፣ ስትሞቺ ከፊትሽ የሚቆም» ባለች ቁጥር ጌክ ኪም ክሩን በጥርሷ ትበጥስና «ያለችኝ ትቆማለች» ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

ቢ ሱዋን አንዱን ወንበር አውርዳ ተቀመጠችበት። እናቷ ናፈቀቻት።

«አገኘሽው?» ብላ ወይዘሮ ኡዊ ከሩቅ ጮኸች።

«እየፈለግኩ ነው!»

«በስተግራ አልኩሽ! ቀይ ጨርቅ የታሰረበት!»

ቆርቆሮው እንደተባለው እዚያ ነበር። ክዳኑን ከፍታ ልብሱ መኖሩን አየችና ሳትዘረጋው መልሳ ዘጋችው። ሣጥኑ ሲዘጋ ሰልቫም ስለ ቀሪው ዕቃ ጠየቃት፤ ትውሰደው፣ ይቆይ? ምን እንደምትለው ግራ ገባት። ይቆይ አለች።

በማግስቱ ከሰዓት አጎት ኮር መጡ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲሸኙ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ልብሱን ከቆርቆሮው እያወጡ አንዱን ባንዱ ላይ አነጠፉት፣ ከሥር ነጩ፣ ከላይ ሰማያዊው። ኪስ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ ማሰሪያ ብቻ።

«ማነው የሚያሞቀው?» አሉ አጎት ኮር።

በኛ ወግ የዕድሜ ልብስ ቀዝቅዞ ሬሳ ላይ አይወጣም። የበኩር ልጅ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ይቆምና፣ የቀርከሃ ባርኔጣ አድርጎ፣ ልብሱ ድርብርቡን እሱ ላይ ይለበሳል። በገላው ሲሞቅ በአንድ ጊዜ ወልቆ ለሟች ይለበሳል።

«የኔ ልጅ ከኳላ ላምፑር እየመጣ ነው» አለች አክስት ሁዋ። «እሱ ይቁም። ሴት ልጅ ቆማ አታውቅም።»

«ሰዓቱ ደርሶ መንገድ ላይ ያለ ሰው ይጠበቃል?» አሉ አጎት ኮር።

«እኔ እቆማለሁ» አለች ቢ ሱዋን።

አክስት ሁዋ ወደ አጎት ኮር ዞረች፣ እንዲከለክሉላት። ሽማግሌው ባርኔጣውን አንስተው ለቢ ሱዋን ሰጧት። «የሷስ ገላ አይሞቅም እንዴ?» አሉ።

አክስት ሁዋ ከንፈሯን ነክሳ ሰማያዊውን ልብስ ወደ ላይ አነሳችው። ከዚያ ፊቷ ተጨነቀ። «ሰፊ ነው! እዩት እስቲ፣ ሁለት ጌክ ኪም ያስገባል። ምስኪን እህቴን፣ ዓይኗ ደክሞ ልኩን ስታዋለች። ሰው ሁሉ ፊት እንዴት ሆና ልትታይ ነው?»

ቢ ሱዋን በርጩማው ላይ ወጣች። ከሬሳው ፊት ለፊት ናት፤ እናቷ አልጋው ላይ ሕፃን አክላለች። አጎት ኮር በመጀመሪያ ነጩን አለበሷት፣ በላዩ ሌላውን፣ በላዩ ሌላውን፣ በመጨረሻ ሰማያዊውን። አክስት ሁዋ ማሰሪያውን ልትቋጥር ቀረበችና እጇ ባለበት ቀረ።

ትከሻው በቢ ሱዋን ትከሻ ላይ ልክ አርፏል። ከእናቷ እጅግ የሚበልጠው ቁመቷ፣ ዩኒፎርም ሲሰፋላት ሁሌ የሚያስቸግረው ረጅም ክንዷ፣ አንድም ቦታ አልጎደለም፣ አንድም ቦታ አልተረፈም። ከትምህርት ቤት ከወጣች ወዲህ ማንም ሜትር ይዞ ለክቷት አያውቅም። እናቷ የሰፋችው በዓይን ልክ ነው፣ በሷ ልክ። እዚህ በርጩማ ላይ ማን እንደሚቆም ጌክ ኪም ታውቅ ነበር፤ እንዳይጠባት ብላ ነው።

አክስት ሁዋ «እትዬ…» ብላ ፊቷን አዞረች።

ቢ ሱዋን በርጩማው ላይ ቆማ ጠበቀች። ሐሩ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር፣ ከዚያ ለብ አለ፣ ከዚያ ሞቀ። አጎት ኮር በመዳፋቸው ጀርባዋን ዳሰሱ።

«ይበቃል ልጄ፣ ሞቋል» አሉ። «አሁን እናውልቀው።»

«ገና ነው፣ አጎቴ» አለች። «ትንሽ ይቆይ።»

ሁለቱንም እጆቿን ወደ እጅጌው ውስጥ ሳበችና ጫፉን ከውስጥ ጨብጣ ያዘችው።