ኳሱ የት ወደቀ

ደመቀችን ያናደዳት መፈተሹ አይደለም። ካምፑ በር ላይ ሻይ ስትሸጥ በኖረችበት ዘመን ያልፈተሻት ወታደር የለም፤ ፍተሻ ለእሷ እንደ ሰላምታ ነው። ያናደዳት ጥያቄው ነው።

«አካም፣ አኮ። ናጋ?» አላት የአዳራሹ ጥበቃ ዳባሶ፣ አያቱን እንደሚያነጋግር ጎንበስ ብሎ።

«ናጋ።»

«የእርዳታው ስብሰባ ነገ ነው እኮ። ዛሬ ጨዋታ ነው።»

«እርዳታ ስጠኝ አልኩህ?»

«ኧረ አላሉም። ከተጫዋቾቹ የልጅ ልጅ አለችዎት ማለት ነው?»

«የለችኝም።»

«አንቱ ታዲያ ማንን ሊያዩ መጡ?»

«ኳሱን።»

ዳባሶ ሳቀ። ክፉ ሳቅ ቢሆን ደመቀች መልስ ነበራት። ነገር ግን ሕፃን ልጅ «አውሮፕላን እነዳለሁ» ሲል የሚሳቅለት ዓይነት፣ ርኅራኄ ያለበት ሳቅ ነበር። አጥንት የሚገባው እንዲህ ያለው ነው።

«ስማ አንተ» አለችው። «አባትህ ኩራ እዚሁ በር ላይ ተደግፎ ሲያይ ከፊቱ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ‹እትዬ፣ ራስዎን ዝቅ ያድርጉልኝ› ቢለኝ ‹አንተ ቁመት ጨምር› ብዬዋለሁ። ቤት ስትገባ ጠይቀው። እስከ ዛሬ አልጨመረም።»

«ግቢ እንግዲህ ደሜ» አለች ከኋላዋ መሱዳ። «የሰው አባት ቁመት ልትለኪ ነው ይህን ጉልበቴን ጎትተሽ ያወጣሽው?»

መሱዳ ጎረቤቷ ናት። የግመል ወተት ነጋዴ ነበረች፤ አሁን ልጇ ተክታት እሷ ቤት ቁጭ ብላ ጉልበቷን ታስታምማለች። ስለ ኳስ የምታውቀው ክብ መሆኑን ብቻ ነው። ቢሆንም ደመቀች «ነይ» ስትላት መጣች፤ ለምን እንደተጠራችም አልጠየቀችም። መሱዳ የማትጠይቀው የምታውቀውን ነገር ነው።

ይህ አዳራሽ ዱሮ የጦሩ የእህል መጋዘን ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፣ እህሉም አለቀ፣ ባዶው ቤት ለመረብ ኳስ ተረፈ። የደመቀች ባል ሃምሳ አለቃ ወልደየሱስ የደንብ ልብሱን ካወለቀ በኋላ የሚሠራው አጥቶ ከሰዓት በኋላ ሁሉ እዚያ ይውል ጀመር። አንድ ቀን ራት ቀርቧል ብላ ልትጠራው ገባች። «ይቺ ዙር ትለቅ» አላት። ዙሯ አለቀች፤ «ሌላዋን ደግሞ እንይ» ያለችው ግን እሷ ነበረች። ወልደየሱስ ከሞተም በኋላ መሄዷን አልተወችም። ሰው «ሐዘኗን ልትረሳ ነው» እያለ ከንፈሩን ይመጥላታል፤ እሷ የምትሄደው ጨዋታ ልታይ ነበር። ሐዘንማ ቤቷ ሞልቶላት፣ ትኬት አይቆረጥለት።

ከዚያ ዓይኗ ሄደ። የዓይን ግፊት ነው አሏት። ከዳር ከዳር ጀምሮ፣ አይጥ ቂጣ እንደምትበላው በላባት። ሐዋሳ ሄዳ ያያት ሐኪም «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን እናቆያለን» አላት። የቀረው በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማጮለቅ ያለ ነው፣ ያውም ጭስ የሞላበት ቤት። ለማንም አልተናገረችም። ዓይኗ ጠፋ የተባለች ሴት ምን እንደምትሆን ታውቃለች፤ ሳትጠይቅ እጇን ይዘው ያሻግሯታል፣ ሳትራብ ያጎርሷታል፣ ፊቷ ቆመው ስለ እሷ እርስ በርሳቸው ያወራሉ።

ጨዋታውን ግን አላጣችውም ነበር። አሮጌው አዳራሽ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ታች የሆነውን ሁሉ ላይ ይደግመዋል። ሰርቭ ሲመታ ጧ ይላል። ተቀባይዋ ክንድ ላይ ሲያርፍ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ አቀባይዋ ኳሱን በጣቶቿ ከፍ ስታደርገው ነው። ከዝምታው ቀጥሎ ምቱ ይመጣል። የጃለኔን ምት ደግሞ ከሺህ ትለየዋለች። ጃለኔ የነገሌ አጥቂ ናት፣ በግራ እጇ የምትመታ፤ መዳፏ ኳሱን ሲያገኘው እርጥብ ጋቢ ድንጋይ ላይ እንደተመታ ይጮሃል።

አዳራሹ ለእድሳት ሲዘጋ ደመቀች ቤቷ ሆና ጠበቀች። ዛሬ ከታደሰ ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ጨዋታ ነው፣ ያውም ከክብረ መንግሥት ሴቶች ጋር። ዛሬ ጨዋታውን ካላገኘችው ዳግመኛ እንደማትመጣ ራሷን ታውቃለች። ካልመጣች ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚባለውን ነገር ምን እንደምታደርገው አታውቅም።

ገና ስትገባ እግሯ ነገራት። ወለሉ ፍራሽ የረገጠች ያህል ለሰስ አለባት። «ሰማያዊ ነው» አለቻት መሱዳ፣ «የሠርግ ድንኳን ነው የሚመስለው። ጣሪያውንም በነጭ ለብጠውታል። ሙቀቱ እንኳ የለም።» ደመቀች አንዴ ሳል አለች፤ ሆን ብላ ነው። ሳሏ ሄዶ አልተመለሰም።

እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ልትቀመጥ ስትል አስተናጋጇ ደረሰች።

«እማማ፣ ይሄ የክብር እንግዶች ቦታ ነው። የእርስዎ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ትኬቱ ላይ አለ።»

«የክብር እንግዶቹ የታሉ?»

«ይመጣሉ።»

«ሲመጡ እነሣለሁ።»

«አይቻልም፣ እማማ።»

ወንበሮቹ የመጡበት ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም ነበር። መሱዳ አንዱን ዳሰስ አድርጋ «እኔ ሙሽራ ሆኜ እንዲህ አልተሸፈንኩም» አለች።

ወጡ። መሱዳ በየደረጃው ፈጣሪዋን እየጠራች፣ ደመቀች በእግሯ እየፈለገች። ቁጥር ማንበብ ሁለቱም አይችሉም፤ ባዶ ባገኙበት ተቀመጡ። ከራሳቸው በላይ በር የሚያህል ሞንታርቦ ተሰቅሏል።

ጨዋታው ሲጀመር ደመቀች ዓይኗን ጨፈነች። ሰርቩ የተመታ መሰላት፤ ወለሉ ዋጠው። ሁለተኛውን ልታደምጥ ስትል ሞንታርቦው ተለቀቀ። ዘፈን ነው፣ ደረት የሚደልቅ። በዘፈኑ መሃል አንድ ሰው «ነገሌ፣ እጃችሁ የታል?» ይላል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ዱሮ ቲፎዞው ራሱ ነበር የሚያወጣውም የሚቀበለውም። አሁን የሚያጨበጭብበትን ሰዓት የሚነግረው ሰው ተቀጥሮለታል።

«ምን ሆነ?» አለች ደመቀች።

«አንዷ መታች» አለች መሱዳ።

«የቷ?»

«ቀጭኗ።»

«ከየት በኩል?»

«ከዚያ።»

«ከዚያ የት ነው?»

«ኧረ ደሜ፣ እኔ መሐንዲስ ነኝ? መታች፣ ሌላዋ መለሰች፣ ከዚያ አንዷ ወደቀች፣ ከዚያ ተቃቀፉ።»

«የወደቀችው ከተቃቀፉት ወገን ናት?»

መሱዳ አሰበች። «ተነሥታ የተቃቀፈች መሰለኝ።»

የመጀመሪያውን ዙር ክብረ መንግሥት ወሰደች። ደመቀች ይህንንም ያወቀችው ከፊት ያሉት ሲሳደቡ ሰምታ ነው።

ጉዱ የመጣው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። ዘፈኑ ለአፍታ ጋብ ሲል አንድ ምት ጆሮዋ ገባ፤ እርጥብ ጋቢ። ወዲያው ሰው ጮኸ። ደመቀች ተስፈንጥራ ተነሣች። «እሰይ የኔ አንበሳ፣ እንዲህ አድርገሽ ቅበሪያቸው» አለች፣ ከካምፕ በር እስከ ገበያ ሲሰማ በኖረው ድምፅዋ።

የጮኹት በአውቶቡስ ተጭነው የመጡት የክብረ መንግሥት ቲፎዞዎች ነበሩ። ምቱም የእነሱ ነው፤ ኳሱ የወደቀው ጃለኔ እግር ሥር ነው።

ከፊቷ ያለው ሰው ዞረ። ድምፁን አወቀችው፤ ባለ ሱቁ ሰማታር ነው። «እትዬ ደመቀች፣ ማንን ነው የሚደግፉት?»

«ወርቅ ልከውላቸው ይሆናላ» አለ ከጎኑ ያለው። «የወርቅ አገር ክብረ መንግሥት ምን ጠፍቶ።»

ሰው ሳቀ። ከወዲያ ማዶም አንዱ «እማማ የእኛ ናቸው፣ ወዲህ አሳልፏቸው» አለ፤ ሳቁ ዞሮ መጣ።

ደመቀች ተቀመጠች። ሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱንም በአንድ አፍ ትመልሳቸው ነበር። አሁን ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ። ዕድሜ ልኳን በደገፈችበት ቤት ከሃዲ ተባለች። እውነቱን እንዳትናገር ደግሞ ከከሃዲ ይልቅ ዕውር መባሉ ባሰባት። ደከማት። ያ ሁሉ ደረጃ እግሯ ላይ የወጣው ገና አሁን ነው።

«አላየሽም» አለች መሱዳ ቀስ ብላ።

«አይቻለሁ።»

«እሺ፣ አይተሻል። እንሂድ?»

«ዙሩ ይለቅ።»

ዙሩ ሳያልቅ መብራት ሄደ። አዳራሽ ታደሰ ብሎ የነገሌ መብራት ከመጥፋት አይመለስም። ሞንታርቦው እንደታረደ በሬ አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ። ነጥብ የሚያሳየው ሰሌዳም ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበርና በላይኞቹ መስኮቶች የሚገባው ፀሐይ ይበቃል፤ ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች፣ ጨዋታው ቀጠለ።

ደመቀች ቀና አለች።

ፊሽካ። ሰርቭ። ድምፁ ደክሟል፣ እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን አለ። ሌላም ነገር ሰማች፤ ሲሚንቶው ያልነበረው። አዲሱ ወለል ላይ ጫማ ያፏጫል። ተጫዋች ስትዞር ያፏጫል፣ ልትዘል ስትንደረደር ያፏጫል። ማን ወዴት እንደሄደች ኳሱ ሳይደርስ ይናገራል። እንግዲህ ይህ ቤት ጨርሶ ዲዳ አይደለም አለች በልቧ።

ሰሌዳው ስለጠፋ ሰው ነጥቡን በአፉ መጥራት ጀመረ። ታች በሩ በኩል አንዱ የዱሮውን ጭብጨባ አስነሣ፣ ሌላው ተቀበለው።

«ጃለኔ ወደ ግራ ሸሸች» አለች ደመቀች።

«ወላሂ ሸሸች» አለች መሱዳ።

«አሁን ይሰጧታል።»

ዝምታ። እርጥብ ጋቢ።

«ገባ» አለች ደመቀች፣ ሕዝቡ ከመጮሁ በፊት። ምላሷም ከላንቃዋ ተላቀቀ። «ሰማታር፣ ወርቁ ደርሶኛል። ላንተ ያላሳየሁህ ሚዛንህን ስለማላምነው ነው።»

ሰማታር ራሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ነገሌ እየደረሰች ሄደች፤ አንድ ለእነሱ፣ ሁለት ለኛ። ደመቀች ሁሉንም አየችው። ጉልበቷን፣ ወገቧን፣ በሩ ላይ የተባለችውን ረሳች። ነጥቡ እኩል ሆነ፣ ነገሌ በአንድ አለፈች፣ ዙሯን ለመዝጋት አንዲት ነጥብ ቀራት። ፊሽካ። ሰርቭ። ክንድ። ጫማ አፏጨ፣ ዝም አለ፤ ኳሱ አየር ላይ ነው።

መብራቱ ቦግ አለ። ሞንታርቦው ካቆመበት ቀጠለ፣ ሕዝቡም ጮኸ፤ ለመብራቱ ይሁን ለነጥቡ አይለይም።

«ምን ሆነ?» አለች ደመቀች።

«መብራት መጣ» አለች መሱዳ።

ደመቀች ነጠላዋን አጣፋች፣ ተነሣች፣ በእግሯ ደረጃውን ትፈልግ ጀመር። መሱዳ ክንዷን ሰጠቻት፤ ደመቀችም ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘችው። ለክብር እንግዳው፣ ለዘፋኙ ሁሉ ቦታ የተገኘበት ቤት፣ ለኳሱ ድምፅ ብቻ ቦታ ጠፋ። ነገሌ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ታች ሲደርሱ ቡድኖቹ ሜዳ እየለወጡ ነበር። በስተግራ በሩ፣ በሩ ላይም ዳባሶ። በስተቀኝ ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰው «እጃችሁ የታል» የሚለው ነው። ቀረብ ሲሉት፣ በሞንታርቦው ድምፅ ሥር፣ የገዛ ጉሮሮው ተሰማት።

«ይሄ ፍሬሰንበት አይደለም? የመቶ አለቃው ልጅ?»

«እሱ ነው፤ ሪዝ አውጥቷል» አለች መሱዳ። «ወዴት ነሽ? በሩ በዚህ ነው።»

ደመቀች ወደ ቀኝ ሄደች።

«እትዬ ደመቀች!» አለ ፍሬሰንበት ማይኩን ዝቅ አድርጎ። «ምነው ወረዱ? አንድ ለአንድ ነን እኮ። ዘፈን ልጋብዝዎት?»

«ዘፈንህን አጥፋልኝ።»

«ሕዝቡ ይወዳል። ዛሬ አዳራሽ እንዲህ ነው፣ እትዬ። አዲስ አበባም እንዲሁ ነው።»

«መብራት ሲጠፋ ሕዝቡ ምን ሲሠራ ነበር? ተኝቶ ነበር?»

 መሱዳ የደመቀችን ክንድ ወደ በሩ ሳብ አደረገች። ወደዚያ ብትሄድ ማንም ምንም አያውቅም። ቤቷ ገብታ «ኳስ ሰለቸኝ» ብትል ሁሉም ያምናታል፤ አሮጊት ቢሰለቻት ማን ይገረማል። ዳባሶም ሳይስቅ በሩን ይከፍትላታል።

«ቅረብ» አለችው። ቀረበ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ይህን በሕይወቷ ያደረገችው ጥቂት ጊዜ ነው። «ዓይኔ አያይም። ካላየ ቆየ። ጨዋታ የማየው በጆሮዬ ነው፤ እሱን ደግሞ አንተ ደፈንከው። ለሰው ብታወራ፣ ካምፑ በር ላይ ግመል አይተህ ሱሪህን ያረጠብክበትን ቀን ለሚስትህ እነግራታለሁ።»

«አላወቅሁም፣ እትዬ» አለ። ድምፁ ለሰለሰ።

«አታውቅም፤ ስለዚህ ነገርኩህ። እንዳታዝንልኝ።»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች መሱዳ።

«አንቺ ዝም በይ። አንቺ ከ‹ተቃቀፉ› ሌላ የምታውቂው የለም።»

ደመቀች እጇን ዘርግታ የክብር እንግዶቹን ወንበር ፈለገች፣ አገኘች፣ ላስቲኩ ላይ ተቀመጠች። መሱዳም አጠገቧ ዘፍ አለች። አስተናጋጇ ከወዲያ መጣች፤ ፍሬሰንበት በእጁ መለሳት። ዳኛዋ ኳሱን እያነጠረች ነበር።

«በል አሁን ስማኝ» አለች ደመቀች። «መጀመሪያ ይህን ላስቲክ ከሥሬ ግፈፍልኝ፤ ሲንኮሻኮሽ ይረብሸኛል። ኳሱ አየር ላይ ሳለ ዘፈን የሚባል ነገር እንዳልሰማ። በዚያ በያዝከው ማይክ የሰው እጅ የት እንዳለ ከምትጠይቅ፣ ማን ሰርቭ እንዳደረገች፣ ማን እንደመታች፣ የት እንዳረፈ ተናገር፤ ስማቸውን እየጠራህ፣ አንድም ሳታስቀር። ካለፈው ጀምርልኝ። መብራት ሲመጣ አየር ላይ የነበረው ኳስ የት ወደቀ?»