ጎበዝ የምትል ሳጥን

የሰደበኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፣ ቦታው የሟች እናታችን ሳሎን። መስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ላይ እግሩን አነባብሮ፣ «አንተ ሬዲዮ ስትፈታ ኖርክ እንጂ ሰው መች ታውቃለህ?» አለኝ። በሁለት ሰው ፊት ነው ያለኝ። አንደኛዋ ከሆስፒታል የተላከች ባለሙያ ናት፤ ሁለተኛዋ እህታችን ሚጢ። ባለሙያዋ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። ሚጢ ሳቀች። ሚጢ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ትስቃለች፤ ሌላ ነገር የለውም። ይህን እያወቅኩ ሳቋንም ከስድቡ ጋር አንድ ላይ ቋጠርኩት።

እኔ የተባልኩትን አልረሳም። ስድስተኛ ክፍል ላይ የሂሳብ መምህሩ «ይሄ ልጅ እጁ መጥቷል፤ ጭንቅላቱ ግን ቤት ቀርቷል» ብለው ክፍሉን ሲያስቁብኝ፣ ኮታቸው ላይ ስንት ቁልፍ እንደጎደለ ዛሬም ልነግራችሁ እችላለሁ። ሁለት።

ሚጢ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። አእምሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። የነገሯትን ታደርጋለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ይጠፋባታል። አንድ እግሯን ካልሲ አጥልቃ ሌላውን በእጇ ይዛ ግማሽ ቀን ልትቀመጥ ትችላለች። ቀጥሎ የሚመጣውን የምትነግራት እናታችን ነበረች። እናታችን ስትሞት ወንድሜ «ወደ ቤቴ ልውሰዳት» አለ። ሚጢ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ «ቤቴ ነው» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔ የምኖረው ከሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ጀርባ፣ አልጋና ወንበር አብረው በማይገቡባት ክፍል ነው። ስለዚህ «ቀጥሎ የሚመጣውን የሚነግራት ነገር እሠራላታለሁ፤ እዚሁ ትኖራለች» አልኩ። ወንድሜ ያንን የተናገረው ይሄኔ ነው።

ስድቡን ተናግሮ ሲያበቃም፣ «ይሁን እሺ፣ ቴክኒሻኑ። ሁለት ወር። ሁለት ወር በሰላም ከኖረች አልነካትም። አንድ ነገር ከሆነች ግን እወስዳታለሁ» አለ።

ባለሙያዋ ስትወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። እንደ ሚጢ ያሉ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ በራሳቸው እንዲኖሩ የምታለማምድ ናት፤ በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው።

«ከመሥራትዎ በፊት አንድ ሳምንት አብረዋት ይዋሉ። የት ላይ እንደምትቆም ይዩ፤ እሷንም ይጠይቋት» አለችኝ።

«እህቴን አርባ አንድ ዓመት አውቃታለሁ።»

«እሱማ ያውቋታል። አንድ ሙሉ ቀን እንዴት እንደምትውል ግን አይተው ያውቃሉ?»

እንዳላየሁ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ስላልተማርኩ ቁጭ ብለህ ተመልከት ትለኛለች አልኩ በሆዴ። ከወንድሜ ስድብ ቀጥሎ አስቀመጥኩት።

ሳጥኗን ሠራኋት። የአሮጌ ሬዲዮ የእንጨት ገላ ነው፤ ጠርዙ እጇን እንዳይወጋት በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ውስጡ ሰዓትና ስፒከር፣ ፊቱ ላይ ሦስት አምፖል፦ አረንጓዴው ለመታጠብ፣ ቢጫው ለመድኃኒት፣ ቀዩ ለቡታጋዝ። ድምፁ የኔ ነው። «ሚጢ፣ ተነሺ።» «ሚጢ፣ ሁለተኛውን ካልሲ አድርጊ።» ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሾርባዋን ታሞቃለች፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን ቀዩ ይበራል፤ «ሚጢ፣ ቡታጋዙን አጥፊ። ማዞሪያውን አዙሪ።» ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት ደቂቃ በኋላ ሳጥኗ «ጎበዝ» ትላለች። ይህችን ቃል ስድስት ጊዜ ነው የቀዳኋት። ሰው ብሎኝ ስለማያውቅ በምን ድምፅ እንደምትባል ጠፋኝ።

ስሠራ የማስበው ስለ ሚጢ ነበር ብል ውሸት ነው። በየሽቦው የማየው የወንድሜን ፊት ነበር፤ ሁለት ወር ሲሞላ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ምን እንደሚል።

አሥራ አንድ ቀን ሰላም ሆነ። ሚጢ ሳጥኗን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላታለች፤ «ትንሹ ወንድምዬ» ትላታለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ለወንድሜ ደወልኩለት። ልቤ አብጦ ነበር።

«ሁለተኛው ካልሲስ?» አለ።

«ሁለቱንም አድርጋለች። አንተንም የምታስነሳ ሳጥን ልሥራልህ?»

ሳቀ። ከስንት ዓመት በኋላ አብረን ሳቅን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሙቀቱ የሚያፍን ነበር። ሚጢ ሾርባ አላማራትም። ሳጥኗ «ሾርባሽን አሙቂ» ብትላትም ዳቦዋን በማርማላታ በላች። ቡታጋዙ አልተለኮሰም። ሰባት ሰዓት ላይ ቀዩ በራ፤ ድምፄ ማዞሪያውን አዙሪ አላት፤ አዞረች። የተዘጋ ማዞሪያ ሲዞር ይከፈታል። እሳት የለም፤ ጋዙ ብቻ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ ቆይታ ሳጥኗ «ጎበዝ» አለቻት። ሚጢም ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሽታው ለጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ደረሳት። ገብታ ጋዙን ዘግታ፣ መስኮቱን በርግዳ፣ ሚጢን በብብቷ ጎትታ አወጣቻት። እኔ ተጠርቼ ስደርስ ሚጢ ደጅ ላይ አስመልሷት ራሷን ይዛ ተቀምጣለች።

«ምን ነካት?» አልኩ።

«ሳጥንህን ጠይቀው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲሞቅ እኮ ሾርባ አትነካም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አለችኝ።

ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ አላውቅም። «እሳት አለ ወይ?» የምትል አንዲት ጥያቄና «አለ» ወይም «የለም» ብላ የምትጫነው ሁለት ቁልፍ ነበር የጎደለው፤ የግማሽ ቀን ሥራ። አንድ የሚሞቅ ቀን አብሬያት ብውል ይበቃኝ ነበር። ያቺ የሆስፒታል ልጅ አልሰደበችኝም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ መኪና ይዞ መጣ። እንደሚሰድበኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ ሌሊቱን መልስ ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት፤ ሦስት መልስ ነበረኝ፣ ሦስቱም የሚያቆስል። ሚጢ የበሩን እጀታ አልያዘችም። ልብሷ በአንዲት ሻንጣ ገብቷል፤ ሁለቱንም ካልሲ አድርጋለች፤ መኪናው ውስጥ ገባች።

ወንድሜ ሳጥኗን ከጠረጴዛው አንስቶ፣ አገላብጦ አይቶ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ለፍተህበታል። እጅህ መቼም የተባረከ ነው» አለ።

ካዘጋጀኋቸው መልሶች አንዱም ለዚህ አይሆንም። ደግነቱ መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የሰማሁት የሂሳብ መምህሩን ነው።

ሚጢ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገች።

«ወንድምዬ፣ አዞርኩት እኮ» አለችኝ። «እንዳልከኝ አዞርኩት። ጎበዝ ነኝ፣ አይደል?»

ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። በዚህች ዓለም ለሚጢ ልሰጣት የምችለው የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ስድስት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። ግን ወንድሜ ቆሞ ያየኛል። ጎበዝ ነሽ ካልኳት ጥፋቱ የማን እንደሆነ በገዛ አፌ መናገሬ ነው።

ሚጢ እንደ ሳጥኗ ሁለት ደቂቃ የምትጠብቅ ይመስል ዓይኗን አልነቀለችም። ሳጥኗን በብብቴ ሥር ሸጎጥኩ፤ ጀርባዬን ሰጠኋቸውና በልብስ ሰፊዋ ደጅ በኩል አድርጌ ሄድኩ።