የኬሶን እንቁላል

ፈርገስ ሮዌናን «ሞግዚት» ማለት የጀመረው ታይላንድ ሳሉ ነው፣ ሰክረህ ሞተር ሳይክል አትንዳ ስላለችው። ላኦስ ሲገቡ ስሙ ጸናባት። ቫንግ ቪየንግ የምትባለው ከተማ ሲደርሱ ደግሞ በጉዞ ላይ ተዋውቀው አብረዋቸው የሚዞሩት ሁለት አውስትራሊያውያን ሳይቀሩ «ሞግዚቷ ፈቀደችልህ ወይ?» እያሉ ይስቁበት ጀመር። ይስቁባት ማለት ይሻላል፤ እሱማ አብሯቸው ነው የሚስቀው።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ነገሩን ፍርጥ አደረገው።

«ከነሱ ጋር ካምቦዲያ ልሄድ ነው። መምጣት ከፈለግሽ ነይ፣ ደስ ይለኛል። ግን ዛሬን እንደ ሰው ዘና በይልኝ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ አትምከሪኝ።»

«ትንፍሽ አልልም» አለች ሮዌና።

ሦስት ዓመት አብረው ኖረዋል። አገራቸው፣ ደኒደን ከተማ ውስጥ አንዲት ቀዝቃዛ ክፍል ተከራይተው ነው ለዚህ ጉዞ ያጠራቀሙት። ብቻዋን አውሮፕላን ተሳፍራ ስትመለስ፣ እናቷ አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ «ፈርገስስ?» ስትላት ታያት። ስለዚህ አፏን ልትለጉም ለራሷ ማለች።

በዚያን ጊዜ የናም ሶንግ ወንዝ ግራና ቀኙ ባር ነበር። በአየር የተነፋ የከባድ መኪና ከመነዳሪ ላይ ተንጋለህ ወንዙን ትወርዳለህ። ዳር ላይ የቆሙት አሳላፊዎች ጫፉ ላይ ጠርሙስ የታሰረበት ገመድ ይወረውሩልሃል፣ ይዘኸው ትጎተታለህ። በትንሽ ባልዲ የተበጠበጠ አረቄ ትጠጣለህ፣ ጭቃ ውስጥ ትንከባለላለህ፣ ስትወጣ ባሩ የራሱን ቀለም ክር አንጓህ ላይ ያስርልሃል። በከተማው ውስጥ የሰው ማዕረግ የሚለካው በክሩ ብዛት ነበር፤ ሌላ ዕውቀት ያለው ካለ የሚጠይቀው የለም።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ፈርገስ ስድስት ክር አስሯል። ደረቱ ላይ አንዱ በወፍራም እስክሪብቶ «የሚከራይ» ብሎ ጽፎበታል። ሮዌናም ጠጣች፣ ጨፈረች፣ ከከፍታ ላይ በገመድ ተወንጭፋ ወንዙ ውስጥ ተወረወረች። «ሞግዚቷ ሞተች! ነፍስ ይማር!» ሲሉ አውስትራሊያውያኑ ባልዲያቸውን አነሱላት። ፈርገስ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሳማት። ደስ አላት። ከብዙ ሳምንት በኋላ ደስ ያላት ያን ቀን ነው።

አውስትራሊያውያኑ እዚያው ቀሩ፣ ፈርገስና ሮዌና ወንዙን ወረዱ። ወንዙ ከታጠፈ በኋላ ባር የለም፣ ቤት ነው ያለው። አንዱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ የቢራ ሳጥን ተከምሯል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። በር ላይ ፊቱ የቀላ አንድ አጎት መለኪያ እንደያዘ በእጁ ጠራቸው። በዚያ አገር ድግስ ያለው ቤት አላፊ አግዳሚውን ዝም ብሎ አያሳልፍም።

«ሰባተኛው ክር!» አለ ፈርገስ፣ ከመነዳሪውን ወደ ዳር እየቀዘፈ።

ውሃ እያንጠባጠቡ፣ እሱ በቁምጣ፣ እሷ በዋና ልብስ፣ ደረጃውን ወጥተው ገቡ። ምንጣፉ መሀል ከሙዝ ቅጠልና ከአበባ የተሠራ ሾጣጣ ነገር ቆሟል፤ ነጫጭ ክሮች ተንጠልጥለውበታል። ሰዎች ዙሪያውን ተንበርክከዋል። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ያነበንባሉ። ከፊታቸው ሐር የለበሰች ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች፤ በተዘረጋ መዳፏ ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል አለ።

ሮዌና ወዲያው ገባት። ስካሯን ማመካኘት አትችልም። ባለፈው ሳምንት ፈርገስ ወንዝ ወርዶ ሳለ ሆዷን አሟት ስትማቅቅ የማረፊያ ቤቷ ባለቤት ሜ ሴንግ አሮጊቶች ሰብስባ ይህንኑ አድርጋላታለች። በእነሱ እምነት ሰው ሲታመም ነፍሱ ትደነብርና ከገላው ወጥታ ትንከራተታለች፤ በምርቃት ተጠርታ ስትመለስ በክር ትታሰራለች። እንቁላሉ የሚያዘው የምትጠራው ነፍስ ባለቤት እጅ ላይ ነው። «እስኪያልቅ እንዳትለቂው ልጄ» ነበር ያለቻት ሜ ሴንግ። ሮዌና ያን ቀን እንደ ሕፃን አልቅሳለች።

ደፉ ላይ ቆማ አፏን ከፈተች። «ፈርግ...»

ዞረ። ቅንድቡን ሰቀለ። «አቤት፣ ሞግዚት?»

«ምንም» አለች።

ጉዱ ሁሉ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው በሙሉ የፈርገስ ነው ቢባል ይቻላል፤ «ምንም» ግን የእሷ ናት።

ፈርገስ ሰዎቹን እየጋፋ መሀል ገባ፣ እግሩን ወደ ሾጣጣው ዘርግቶ ተቀመጠ። «ነጭ የለኝም! ነጭ እሰሩልኝ!» አለና አንጓውን አቀረበ። አንዲት አሮጊት በትሕትና ፈገግ ብለው አሰሩለት። ዞር ዞር ብሎ አየ። «ኧረ መክሰስም አለ!» አለ። እንቁላሉን ከልጅቷ መዳፍ አነሳ፣ ግንባሩ ላይ ሰበረው፣ ልጦ በሁለት ጉርሻ ዋጠው።

ሽማግሌው ማነብነባቸውን አቆሙ። ድምፅ ማጉያውን አንድ ሰው አጠፋው። ልጅቷ ባዶ መዳፏን ታያለች፤ አልጨበጠችውም፣ እንደተዘረጋ ቀረ። እናቷ ሰው እንግዳው እንዳያፍር ብሎ የሚስቀውን ሳቅ ስቃ ተነሳች፣ ሌላ እንቁላል ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ፈርገስ ሮዌናን ጠቀሳት። ሮዌና ሳቀች። ጮክ ብላ፣ ጥርሷን አሳይታ ሳቀችለት።

እናትየው ስትመለስ ሮዌናን በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ጎትታ አስቀመጠቻት፣ ያለ ቅሬታ ክር አሰረችላት፣ ረጅም ምርቃት መረቀቻት። የሮዌና ሌላኛው እጅ ሜ ሴንግ እንዳስተማረቻት በራሱ ጊዜ ወደ ግንባሯ ተነሳ። ከጥግ አንዲት ሴት ይህንን አየች።

አመሻሹ ላይ ማረፊያ ቤቱ በረንዳ ላይ ፈርገስ ታሪኩን ለአውስትራሊያውያኑ ተረከው። እንቁላሉ ጋ ሲደርስ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። ሜ ሴንግ ሳህን ልታነሳ መጥታ እዚያው ቆማ ቀረች።

«ያቺ ልጅ ኬሶን ናት» አለቻት ለሮዌና በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ። «ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝታ ነው የመጣች። ከመጣች ወዲህ አትናገርም። የምርቃቱን ቀን እስኪመርጡላት ስንት ጊዜ ጠበቁ። እሱስ አያውቅም። አንቺ ግን ልጄ...»

አልጨረሰችውም። ሳህኖቹን ይዛ ገባች። ሮዌና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

በማግስቱ ጠዋት ከሜ ሴንግ ረጅም ቀሚስ ተውሳ ለበሰች።

«ይቅርታ ልትጠይቂ? ለእንቁላል?» አለ ፈርገስ ከአልጋው ሳይነሳ። «በቃ፣ ጀመረሽ ደግሞ።»

በሩን ዘግታበት ወጣች።

እናትየው እንደ ዘመድ ተቀበለቻት፣ ምንጣፍ አነጠፈችላት። ኬሶን መስኮቱ ሥር ተጋድማለች፤ አየቻትና ዓይኗን መለሰች። የትናንትናዋ የጥጓ ሴት የኬሶን ታላቅ እህት ናት፤ ማኒዋን ትባላለች፣ የከተማው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። አስተርጓሚ ሆና ከመሀላቸው ተቀመጠች።

«ይቅርታ አድርጉልን በያት» አለች ሮዌና። ማኒዋን ነገረቻት፤ እናትየው ነገሩን በእጇ ገፋ ገፋ አደረገችው፣ እየሳቀች።

ሮዌና ወደ ማኒዋን ጠጋ አለች። «ሌላም አለ። እሱ አላወቀም፣ እኔ ግን አውቅ ነበር በያት። በሩ ላይ ቆሜ አውቅ ነበር። ዝም ያልኩት ይስቅብኛል ብዬ ነው። ከዚያም አብሬው ሳቅኩ።»

ማኒዋን ትክ ብላ አየቻት። «አውቃለሁ» አለች። «ክሩ ሲታሰርልሽ እጅሽን ወደ ግንባርሽ ስታነሺ አይቻለሁ። የሚያውቅ ሰው ነው እንደዚያ የሚያነሳ። ስለ እሱ አንድ ጊዜም አላሰብኩም፤ ስላንቺ ሳስብ ነው ያደርኩት።»

«ምን አለች?» አለች እናትየው።

ማኒዋን ወደ እናቷ ዞረች። በላኦ ቋንቋ የተናገረችው ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ እዚያ አገር አንድ ወር የከረመ ሁሉ የሚያውቀው ቃል። «አላወቅንም ነበር ትላለች።»

የእናትየው ፊት በራ። የሮዌናን ጉልበት መታ መታ እያደረገች ብዙ ተናገረች።

«እናቴ ምን ትላለች መሰለሽ፣» አለች ማኒዋን፣ «ባታውቁ ነው እንጂ፣ ከታመመ ልጅ እጅ ላይ ሲወሰድ እያወቀ ዝም የሚል ሰው ከየት ይመጣል ነው የምትለው።»

«ለምን አልነገርሻትም?»

«ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ትናንት በገዛ እጇ አስራልሻለች፣ መርቃሻለች። ማንን እንደመረቀች ባታውቅ ይሻላታል። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ይበቃል።»

እናትየው የሩዙን ሙዳይ ከፍታ ወደ ሮዌና ገፋችላት። «ብይ ልጄ» አለቻት። ይህንንም ሮዌና ያለ አስተርጓሚ ሰማችው። አንገቷን ደፍታ እየጠቀለለች በላች፤ እናትየውም ባነሰባት ቁጥር እየጨመረችላት አጠገቧ ተቀመጠች።