አባ አረጋ የወረዱለት ጨዋታ

እኔ ሕልም የማየው በእጄ ነው። ሌላው ሰው በሕልሙ ፊት ያያል፣ አገር ያያል፤ እኔ ግን ተኝቼ የምዳስሰው ባለቤት የሌለው ጉልበት፣ የተጠቀለለ ጅማት፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚት ነው። ወጌሻነትን ያስተማረኝ አባቴ ነው። በ1996 ክረምት የላሊበላ ልጆች የኳስ ቡድን ወጌሻ ነበርኩ። ልጆቹ «እትየ የሻረግ» ይሉኛል፣ ያከብሩኛል፣ የምላቸውን ግን አይሰሙም። ሰው ወጌሻ የሚሰማው ከተሰበረ በኋላ ነው።

በዚያ ክረምት በሕልሜ የሚመጣው አንድ እግር ብቻ ነበር፤ የደሳለ ቀኝ ታፋ። ደሳለ የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከጎረቤት ከተማ ከኩልመስክ ጋር ስንጫወት ገና በአሥረኛው ደቂቃ የታፋው የኋላ ጅማት ተሸማቅቆበት ወደቀ፤ አራት ወር አሸሁት። ዘንድሮም ግጥሚያው ከኩልመስክ ጋር ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ አንድ አሰልጣኝ ከደሴ ድረስ ሊያየው ይመጣል። ጥሩ ከተጫወተ ይወስደዋል። በሕልሜ ያ ታፋ መዳፌ ውስጥ እንዳለ እንደ አሮጌ ክር ይበጠስብኛል።

ለምን እንደሚጎዱ ደርሼበታለሁ። በጨዋታው ቀን ቡድኑ በሙሉ ማለዳ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ወጥቶ ያስቀድሳል። ይሄ መልካም ነው፤ ያለ እመቤቴ ማን ይጫወታል። ክፋቱ አወራረዳቸው ላይ ነው። ድካማችንን ተራራው ላይ ጥለን መጣን እያሉ፣ ማን ቀድሞ ይደርሳል እየተባባሉ፣ ያን ቁልቁለት እንደ ፍየል ይሮጡታል። የላስታን ልጅ ዳገት አይጎዳውም። የሚጎዳው ቁልቁለት ነው፤ በየድንጋዩ ላይ ሰውነቱን ሲገታ ጅማቱ ያልቃል፣ የቀረውን ሜዳው ይጨርሰዋል። ባለፈው ዓመት ከደሳለ ሌላ ሁለት ልጆች እንዲሁ ወድቀውብኛል።

ይህንን ለአምበሉ ለውዱ ነገርኩት። ውዱ ልቡ ቅን ነው፣ ራሱ ግን ድንጋይ ነው።

«እትየ፣ ማርያም ዘንድ ወጥቶ የተጎዳ ሰው አለ እንዴ?»

«ወጥቶ አላልኩህም፤ ሮጦ ወርዶ ነው ያልኩህ።»

«ተይ እስቲ። ሰውነታችንን የምናሟሙቀው እኮ በእሱ ነው።»

ደሳለም ከጎኑ ቆሞ ሳቀ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእነዚህ ልጆች አልተነገረም። ስለ ቁልቁለቱ ባወራሁ ቁጥር በእምነታቸው የመጣሁባቸው ይመስላቸዋል። ንድድ አለኝ፤ ገመድ ቢበቃኝ አንድ በአንድ አስራቸው ነበር።

በጨዋታው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ለታ፣ ራሴ ተራራውን ወጣሁ። ጉሙ ከሥሬ ቀርቶ ከላይ ፀሐይ ነበር፤ ከተማው የት እንደሄደ አይታወቅም። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ የገዛ እግሬ ይቀለኛል፣ የማንም አጥንት አይታወሰኝም። አባ አረጋን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው መነኩሴ ናቸው፤ ወደ ከተማ ሳይወርዱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የልጆቹን ነገር ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልሽ፣ ልጄ?»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ እርስዎ ከፊት ሆነው ያውርዱልኝ፣ አባቴ።»

በእኛ አገር መስቀል የያዘ ሽማግሌ መነኩሴን መንገድ ላይ ቀድሞ የሚያልፍ ወጣት የለም። ቢቸኩልም ከኋላ ሆኖ ይከተላል። ለእነዚያ ልጆች ከዚህ ሌላ ልጓም አላገኘሁላቸውም። አባ ዓይናቸውን ገለጡና ቁልቁለቱን ብዙ ጊዜ አዩት።

«ኳስ የሚሉትን ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም» አሉ። «እሺ፣ እወርዳለሁ።»

መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ በብልሃቴ እየተደሰትኩ፣ እያንጎራጎርኩ ወረድኩ።

እሑድ ሜዳው ዳር ቆሜ ጠበቅሁ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የኩልመስክ ልጆች መጥተዋል፤ የደሴው አሰልጣኝም መኪናው ውስጥ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። ተራራው በጉም ተሸፍኗል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ወጣ፣ ከሥሩ ቢጫ የመነኩሴ ወይባ ቀሚስ፣ ከኋላው ታኬታቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አሥራ ስምንት ጎረምሶች፣ አንድ በአንድ። አባ ሲቆሙ ሁሉም ይቆማል፤ አባ ሲራመዱ ሁሉም ይራመዳል። ድምፅ የለም። ሰዎቹ የሚወርዱ ሳይሆን ተራራው ራሱ ቀስ አድርጎ የሚያስቀምጣቸው ይመስል ነበር። ለምን ያህል ጊዜ ቆሜ እንዳየኋቸው አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

«አራት ሰዓት ሙሉ እኮ ነው የወረድነው፣ እትየ» አለ ውዱ እየተነጫነጨ።

«ይበልህ።»

የደሳለን ታፋ ዳሰስኩት፤ እንደ ታሸ ሊጥ ለስልሷል። ሁሉንም በዝግታ እያሯሯጥኩ፣ እያሳሳብኩ በወጉ አሟሟቅኋቸው። አሥረኛው ደቂቃ አለፈ፤ ደሳለ አልወደቀም። ዘጠናውን ደቂቃ ሙሉ ሮጠ፣ አንድ ጎል አገባ፤ ከልጆቼ አንድም አላነከሰም። ሕዝቡ ለጎሉ አጨበጨበ። ላልተጎዳ እግር የሚያጨብጭብ የለም፤ እኔ ግን በልቤ እልል አልኩ። አሰልጣኙ የደሳለን ስም ጻፈና ማክሰኞ ደሴ እንዲመጣ ነገረው።

ይህንን ለአባ ልነግራቸው ዞርኩ። ሜዳው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ተንበርክኬ እጄን አሳረፍኩበት። አብጧል፣ ይፋጃል፤ ቀስ አድርጌ ሳንቀሳቅሰው አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። የዚያን ቀን የመጣ ሕመም አልነበረም። ካለቀ ብዙ ዓመት የሆነው ጉልበት ነው፤ ቅዳሜ አንዴ ነክቼው ቢሆን አውቀው ነበር።

«አባቴ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አልጠየቅሽኝም» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ያ ልጅሽ ግን ደህና አድርጎ ሮጠ።»

የአሥራ ስምንት ጎረምሳ እግር ስቆጥር የእሳቸውን ረሳሁት። ልጆቹ በቃሬዛ መልሰን እናወጣቸዋለን ብለው ተነሡ። እኔ ነኝ የከለከልኩት፤ በዚያ ጉልበት እዚያ ገደል ላይ መኖር እንደማይችሉ እጄ ነግሮኛል። ከታች፣ ከተማው ውስጥ ካለ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንዲት ጎጆ ተሰጠቻቸው። ዳግመኛ ተራራውን አልወጡም።

ደሳለ ደሴ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ታፋው ደህና ነው። እኔ በየዓርቡ እየሄድኩ የአባን ጉልበት አሻለሁ። ጉሙ ሲገለጥ ተራራው ከደጃፋቸው ይታያል። እሳቸው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ይቀመጡና ደሳለ እንዴት እንደሚጫወት ይጠይቁኛል፤ እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ተራራቸውን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይቀለኝ ነበር።