የሰማያዊው በርሜል ውኃ

የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው አምባው፣ የወይካውን ድስት በጫማው ጫፍ ገፋው። ወጡ እየተዝለገለገ ጥቁሩ አፈር ላይ ፈሰሰ።

«ይኸ ንፍጥ ነው ልጆቼን የጣላቸው» አለ። «የእኛ አገር ሆድ የደረቀ ባሚያ አያውቅም።»

ወጥ ሠሪዋ ስርጉት ማማሰያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እኔስ ከዚሁ ድስት አልበላሁም ወይ ብላ ነበር፤ የሰማት የለም። ከዳሱ ሥር ከጎጃም የመጡት አጫጆች ተዘርረዋል። አንዱን ያስመልሰዋል፣ ሌላው ዓይኔን ጭጋግ ሸፈነው ይላል። የሁሉም ታናሽ የሆነው ደምለው ግን ምራቁ በአፉ ጥግ ይዝረበረባል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ያልታመሙት ማጭዳቸውን አስቀምጠው፣ ይህች ሴትዮ ከካምፑ ካልወጣች አንድ ነዶ አናጭድም ብለዋል። ሰሊጥ ደግሞ ሽምግልና እስኪያልቅ አይጠብቅም። ቀኑ ካለፈ አፉን ይከፍትና መሬት ላይ ይረግፋል።

እንዳለው የተባለው የትራክተሩ ኦፕሬተር ጎማው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ያያል። ሃያ ዓመት ገና አልሞላውም። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ፣ የሰው ጎማ ሲያጥብ፣ የሰው ግሪስ ሲቀባ ኖሮ ዘንድሮ ነው መሪ የጨበጠው። ወይካው ምንም እንዳላደረገ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከትናንት በስቲያ ተሳቢውን ይዞ በጎርባጣው መንገድ ሲበር የውኃው በርሜል ወድቆ ተሰነጠቀ። ለባለእርሻው ለባየልኝ ቢነግረው መሪውን እንደሚነጥቀው ገባው። ስለዚህ ከዳሱ ጀርባ ተጥሎ የነበረውን ሰማያዊ በርሜል አነሣ። የሰሊጥ ትኋን መድኃኒት የሚበጠበጥበት በርሜል ነው። ወንዝ ወስዶ አለቀለቀው፣ አሸተተው፣ እንደገና አለቀለቀውና ሞልቶ አመጣው። እሱ የሚጠጣው ከወንበሩ ሥር ካለችው የራሱ ጀሪካን ነው። ስርጉትም እንስራዋ ውስጥ በቀረው የቀድሞ ውኃ ታበስላለች፣ ትጠጣለች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውሉት አጫጆች ግን እየተመላለሱ ከበርሜሉ ቀዱ።

ልናገር ወይ ብሎ አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። ያን ጊዜ የስርጉትን ፊት አየና ሰኔ ላይ ያለችው ትዝ አለው። ወጥ አሳነስሽብኝ ቢላት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ኦፕሬተርነትህን ለማሽንህ ንገረው፤ እናትህ የእኔን ድስት እያጠበች ነው ያሳደገችህ» ብላው ነበር። ካምፑ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ጠፋና ድስቱ ሆነ። ድስቱ ናፍጣ ሙላ፣ ድስቱ ውኃ አምጣ። ያናደደው ደግሞ ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። እናቱ አጥባለች። እና አሁን ድስቷ ሲደፋ እሱን ምን ቸገረው? ትቅመሳት ብሎ ዝም አለ።

ባየልኝ በሞተሩ መጣ። ሰሊጡን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ብዙም አላሰበም። ስርጉትን ለጊዜው ዞር በዪ አላት። እንዳለውን ደግሞ እሷንም ደምለውንም ጭኖ አብርሃ ጅራ ከተማ እንዲያደርስ አዘዘው። ለሐኪሙም የጣለው የበላው ምግብ ነው በለው አለ።

ተሳቢው ላይ ስርጉት የልጁን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነጠላዋን አለበሰችው። ያባረሯት ሰዎች ልጅ ነው፤ እሷ ግን ዝንቡን እሽ እያለች ታባርርለታለች። እንዳለው ወደ ኋላ ላለማየት ብዙ መንገድ ታገለ። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ግን ዞረ። ስርጉት ከሰማያዊው በርሜል ሞልታ የመጣችውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፍታ ወደ ልጁ አፍ አስጠግታለች።

ትራክተሩን ቀጥ አድርጎ አቆመው።

«እትዬ ስርጉት፣ አያጠጡት።»

«ከንፈሩ ደርቋል እኮ።»

«ውኃው ነው» አለ። «የመድኃኒቱን በርሜል ነው ያመጣሁት። የቀድሞው ተሰነጠቀብኝ።»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ቀስ ብላ ከደነችው። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

«ድስቴን ሲደፋው ታይ ነበር?»

«አዎ፣ አይቻለሁ።»

«እናትህ በአመድ ያላሸችውን ድስት መልሳልኝ አታውቅም።»

እንዳለው መሬት መሬት ያይ ጀመር። ስለ ሰኔው ይቅርታ አልጠየቀችውም፤ እሱም ያን አልጠበቀም። በሆዱ ያሰበው ለሐኪሙ ብቻ ሹክ ብሎ፣ ልጁ ሲድን ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ እንዲቀር ነበር። ስርጉት ግን ፀሐይዋን አየች።

«ማሳ የገቡት አሁን ለምሳ ይመለሳሉ» አለች። «ከዚያው ነው የሚጠጡት።»

ከካምፑ ከወጡ ኔትወርክ የሚገኘው ከዚህ ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ስልኩን አውጥቶ ባየልኝ ጋ ደወለ። መሪውም ስሙም የሚተርፉበትን መላ በመንገድ ላይ አብሰልስሎታል።

«ጋሼ፣ የሰማያዊውን በርሜል ውኃ ያስደፉት። ሸትቷል መሰለኝ።»

ባየልኝ ሳቀ። «እሷ ናት እንዲህ በል ያለችህ? ወጧን ለማዳን ውኃዬን ታማለች። ስንት ለምኜ ማሳ ያስገባሁትን ሰው በውኃ ጥም ላስኮበልለው? አርፈህ ንዳ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ግማሽ እውነቱ ማንንም አላዳነም፤ ይልቁንም ሴትዮዋን ሁለተኛ ጊዜ አስወቀሳት። ተሳቢው ላይ ደምለው አቃሰተ። ስልኩ ላይ ከባየልኝ ስም በታች የአምባው ቁጥር አለ። ባየልኝ ቢበዛ መሪውን ይነጥቀዋል። ለአምባው ግን የታመሙት የወንዙ ልጆች ናቸው፤ እጁም ከባድ ነው፤ የሚነግረውም ለሁሉም ነው። በሚቀጥለው ክረምት በዚህ ቆላ ማንም ማሽን የሚሰጠው አይኖርም።

ደወለ።

«ማነህ?» አለ አምባው።

እንዳለው ነኝ ሊል ነበር። አምባው በዚያ ስም እንደማያውቀው ትዝ አለው።

«ድስቱ ነኝ» አለ። «አያ አምባው፣ የደፉት ወጥ ምንም የለበትም። መርዙን በውኃ ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ። በመድኃኒቱ በርሜል ነው የቀዳሁት። አሁኑኑ ይድፉት፣ ማንም እንዳይቀምሰው።»

ከወዲያ አምባው ሰው እየጠራ ሲሮጥ፣ በርሜሉ ሲወድቅና ውኃው ሲንዶለዶል በስልኩ ውስጥ ተሰማ። ቀጥሎ ስድቡ መጣ፤ እሱን፣ እናቱን፣ ያሳደገውን ሁሉ።

ስልኩን መዝጋት ይችል ነበር። ከጆሮው ሳያነሣው፣ በሌላ እጁ የራሱን ጀሪካን ከወንበሩ ሥር አውጥቶ ለስርጉት አቀበላትና ትራክተሩን አስነሣ።