በመስኮት በኩል ሁለት ወንበር

ሙሽራዋ በሠርጓ ቀን ጠዋት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሥር ሸራ ጫማ አጥልቃ፣ ቢሮዋ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣለች። ሠርጉ ሦስት ጊዜ ተቀጥሮ ሦስት ጊዜ ተሰርዟል። ሰበቡ ሁሌም አንድ ነው፤ ትኬቱ ሁሉ የሚመዘገብበት ዳታቤዝ አልጸዳም።

የአውቶቡስ ድርጅቱ ሰዎች «ጠራጊዋ» ይሏታል። መጥረጊያ ይዛ ስለምትዞር እንዳይመስላችሁ። ትኬት በተለወጠ ወይም በተሰረዘ ቁጥር ዳታቤዙ አሮጌውን ረድፍ አይጥልም፤ አዲሱን ይጽፍና አሮጌውን እዚያው ይተወዋል። ያንን ግሳንግስ የምታስጠርገው እሷ ናት። ጉዱ ግን በዚህ አያበቃም። እያንዳንዱ ሥራ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ሲያልቅ ደግሞ ዞሮ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ያን ጊዜ የድሮ ትኬት ገና ያልተቆረጠ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ዕድሜ የጠገበ ረድፍ ሁሉ «ይህ የቆየ ነው፣ ቁጥሩን አትጠይቁት» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ማርጋት ይሉታል። አሮጌው ሳይረጋ ቁጥሩ ሊያልቅ ከተቃረበ ዳታቤዙ አሻፈረኝ ይላል፤ ትኬት መቁረጥ ቀረ ማለት ነው።

እስከ ዛሬ ማርጋት የሚታሰበው ውሃው አንገት ሲደርስ ነበር። ትኬት ቤቱ ቀኑን ሙሉ ይዘጋና የዳታቤዙ ገጽ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። ይህ ጠራጊዋን አንገሸገሻት። ገጹን ለመጥረግ መክፈቴ ካልቀረ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ አሮጌ ከሆነ፣ እግረ መንገዴን ለምን አላረጋውም ብላ አዲስ ዘዴ አበጀች።

ሥራ አስኪያጁ ሰምተው፣ «እሺ፣ ሞክሪው» አሉ። «ካልሠራ ግን እንደ ድሮው ዘግተን እናጸዳለን። አንቺም ከዚህ ንቅንቅ የለም።» እሳቸው ራሳቸው ለሠርጉ ሱፋቸውን ለአራተኛ ጊዜ አስተኩሰው መጥተዋል።

ዘዴው ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያልረጋው አሮጌ ረድፍ ዕድሜ ግን ቅንጣት አልወረደም፤ ምንም አልረጋም ማለት ነው። ስልኩ ጮኸ።

«አንቺ ልጅ፣ የት ነሽ?» አሉ እናቷ።

«እማዬ፣ እየጠረግኩ ነው።»

«እንግዲያው ያ ኮምፒውተር ያግባሽ» ብለው ዘጉት።

ጠራጊዋ ስልኩን አስቀመጠች። ዛሬም ከቀረ አራተኛ ቀጠሮ እንደማይኖር ታውቃለች፤ ሰውም ይሰለቻል፣ ፍቅርም ይደክመዋል። ሦስቱንም ጊዜ ዲስኩን ስትጠረጥር፣ ፕሮግራሙን ስትጠረጥር ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ዳታቤዝ ይሉኝታ አለው። እንግዳ እየበላ ገበታ እንደማያነሳ ባለቤት፣ ሥራ ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው ካለ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ሳይነካ ይጠብቃል። ያልጨረሰ ሰው ይኖር ይሆን? ፈለገች። አለ፤ ታች ትኬት ቤት፣ ዳር ያለው ኮምፒውተር ላይ፣ ከመጀመሪያው ሠርግ ዋዜማ ጀምሮ የተከፈተ አንድ ትኬት።

ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃውን ወረደችው። ተሳፋሪው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት።

ትኬት ቤት ውስጥ እሷ የማታውቀው ልማድ አለ። ለባልደረባ ወንበር መያዝ ሲያምራቸው ትኬቱን ይጀምሩና ሳይጨርሱ ይተዉታል፤ ማንም እንዳይነካው ስክሪኑ ላይ ኮፍያ ይደፉበታል። ዳር ያለው ስክሪን ላይም የሾፌር ኮፍያ ተደፍቷል። የኮፍያውን የተበጠሰ ቁልፍ መልሳ የተከለችው ጠራጊዋ ራሷ ናት፤ የማን እንደሆነ አወቀች።

«እንዳትነኪው የኔ እህት፣ አደራ አለብኝ» አለቻት ትኬት ቆራጯ፣ ዓይኗን ወደ በሩ እየሰረቀች።

በሩ ላይ ሙሽራው ቆሟል። ሊወስዳት መጥቶ ነው። አውቶቡስ ሲነዳ ተረጋግቶ ስለሆነ «አይቸኩሌ» ይሉታል፤ አሁን ግን አልቦታል።

«ይሄ ያንተ ነው?» አለችው።

«ለጫጉላችን ነበር። በመስኮት በኩል ሁለት ወንበር።»

«ታዲያ ለምን አልጨረስከውም?»

«ሠርጉ ሲሰረዝ ፈራሁ» አለ። «ብጨርሰው ትቀሪብኛለሽ ብዬ፤ ብሰርዘው ደግሞ ራሴ ተስፋ የቆረጥኩብሽ መሰለኝ። ስለዚህ እንዳለ ተውኩት።»

«ሠርጉ የተሰረዘው እኮ አንተ እንዳለ ስለተውከው ነው። ሦስቴም።»

ጠራጊዋ ልትቆጣ ብላ አልቻለችም፤ ሳቁ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ነጭ ቀሚሷን ዘርግታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ትኬት ቆራጯም ሳቀች፣ ተራ የያዙት ተሳፋሪዎች ምኑንም ሳያውቁ ሳቁ።

ከዚያ ተነሳችና ኮፍያውን አነሳች። ስክሪኑ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ «ጨርስ» እና «ሰርዝ»።

«ለዳታቤዙ ሁለቱም አንድ ነው» አለችው። «ለእኔ ግን አይደለም።»

አይቸኩሌ አላመነታም። «ጨርስ»ን ተጫነ። ማተሚያው እያጉረመረመ ሁለት ትኬት ተፋ። ወዲያው ከላይ ሥራ አስኪያጁ ሱፋቸውን እንደለበሱ ደረጃው ላይ ብቅ አሉ።

«እየወረደ ነው» አሉ። «ዕድሜው ቁልቁል እየወረደ ነው፣ አሁን ሠርጉን አሳዩኝ።»

ትኬት ቆራጯ ትኬቶቹን አገላበጠች። «ኧረ ይሄ ቀኑ ካለፈ ቆየ። ያ አውቶቡስ ሁለቱን ወንበር ባዶ ይዞ ሄዷል።»

«አውቃለሁ» አለ አይቸኩሌ። «የነዳሁት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ በመስታወት ሳያቸው ነበር።»

ጠራጊዋ እጁን ያዘችው።

«ለዛሬ ማታ ቀይሪልን» አለቻት ለትኬት ቆራጯ።

«አሮጌውንስ ማን ይጠርገዋል?»

«ተዪው» አለች፣ ኮፍያውን ራሷ ላይ ደፍታ ወደ በሩ እየሄደች። «ከዛሬ ወዲያ እኔ እዚህ ባልኖርም በራሱ ይጠረጋል።»